አባቴ የተቃወመልኝ ሞገድ

አባቴ እጁን ሲያወጣ እኔ ፈገግ አልኩ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ያ ፈገግታዬ ነው። ቆቦ፣ ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ፣ ለበዓል ብቻ የሚያወጣውን ጋቢ ተከናንቦ፣ ከዘራውን በጉልበቶቹ መሃል ተክሎ ተቀምጦ ነበር። እንደ ጎበዝ ተማሪ እጁን ቀጥ አድርጎ አወጣ። እኔም አጠገቤ የተቀመጠችውን የቀበሌያችንን አዋላጅ ነርስ፣ ኡሙሰልማን፣ በክርኔ ጎሸም አድርጌ «እይው የኔን አንበሳ፣ ሊናገርልን ነው» አልኳት።

መድረኩ ላይ ያለው ሰው አቶ ሚኪያስ ይባላል። የሬዲዮ ሞገድ ፈቃድ ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣ ነው። የቆቦ ሙቀት ኮቱን አስወልቆታል፤ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። ሲናገርና ሲያናግር ውሎ የመጨረሻዋን ጥያቄ ያቀረበው ገና አሁን ነበር።

«ይህ ፍሪኩዌንሲ በሐሮ ዲማ ቀበሌ በቋሚነት እንዲሠራበት ቢፈቀድ፣ ተቃውሞ ያለው ነዋሪ አለ?»

አባቴ ከዘራውን ተደግፎ ተነሳ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«አለ። እኔ አራጌ ነኝ፤ የሐሮ ዲማ የውሃ አባት። እቃወማለሁ።»

ክው ብዬ ቀረሁ። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ሲንቋቋ ብቻ ይሰማኛል። ኡሙሰልማ «ያረቢ!» ብላ አፏን በሻሿ ያዘች። አምልጦት ነው፣ ደንግጦ ነው፣ ሰው ፊት መናገር ስላልለመደ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ቀና ብዬ ሳየው ግን ፊቱ እንደዚያ ቀን ረግቶ አይቼው አላውቅም።

ሳልረጋጋ ከጎኑ ሼህ ነጅሙዲን ተነሱ። የአባቴ የልብ ወዳጅና የውሃ ድልድሉ ምክትል ናቸው። «እኔም አለሁበት» አሉ። «ወላሂ እኔም እቃወማለሁ።»

አቶ ሚኪያስ ብዕሩን አስቀመጠ። «አባቶች፣ ምክንያታችሁን ብትነግሩን?»

«ምክንያቱ እዚህ አይነገርም» አለ አባቴ።

«የት ነው የሚነገረው?»

«ቦታው ላይ ነዋ። ቁርቁራው ዛፍ ሥር።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ሚኪያስ አልሳቀም። እኔ ከወንበሬ ዘልዬ ተነስቼ «ቆይ! ቆይ! ይህ ሰውየ አባቴ ነው! እሱ እኮ...» ስል በእጁ አስቆመኝ። «ወይዘሪት ፍሬሰላም፣ እርስዎ አመልካች ነዎት። አሁን የነዋሪው ተራ ነው፤ ይቀመጡ።» ቁጭ አልኩ። አልተቀመጥኩም፣ ወደቅኩ ማለት ይሻላል።

ሥራዬን ልንገራችሁ፤ ምን እንደፈረሰ የሚገባችሁ ያኔ ነው። ትልቁ የኢንተርኔት መስመር፣ ፋይበሩ፣ አስፋልቱን ተከትሎ በጎብዬና በሮቢት አልፎ ቆቦ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ዋጃ ይቀጥላል። አስፋልት ዳር ያለ ሰው ዕድለኛ ነው። የኛ ሐሮ ዲማ ግን ከአስፋልቱ ወደ ምሥራቅ ርቃ፣ ወደ ዞብል ተራራ ተጠግታ፣ ከአንድ ጉብታ ጀርባ የተወሸቀች ናት። እስከዚያ ድረስ ቆፍሮ ፋይበር የሚቀብር የለም። ስልክ ለመደወል ጉብታው ላይ መውጣት ነበረብን፤ እሱም ኔትወርኩ ደስ ሲለው ነው። እኔ ቴክኒሺያን ሆኜ የምሠራበት ትንሽ ድርጅት ያደረገው ነገር ቀላል ነው። ቆቦ ካለ ፎቅ አናት ላይ አንድ ዲሽ ሰቀልን፣ ጉብታው ላይ ምሰሶ ተከልን፣ ጤና ኬላው ጣሪያ ላይ ሌላ ዲሽ አሰርን። ኢንተርኔቱ በሽቦ ሳይሆን በአየር፣ ከዲሽ ወደ ዲሽ እየተቀባበለ፣ ያንን ሁሉ ማሽላ አቋርጦ ይመጣል። የምሰሶውን ጉድጓድ የቆፈሩት የሐሮ ዲማ ሰዎች ናቸው፤ ሲሚንቶውንም በግመል ያወጡት እነሱ ናቸው።

የአየሩ መንገድ ግን ባለቤት አለው። ዲሾቹ የሚነጋገሩበት ፍሪኩዌንሲ ድሮ ለትልልቆቹ ተሰጥቶ ያለቀ ነው። ትልልቆቹ ደግሞ እኛ ዘንድ አይመጡም፤ አያዋጣቸውም። ስለዚህ ሞገዱ በሐሮ ዲማ ሰማይ ላይ ሥራ ፈትቶ ይውላል፣ ሥራ ፈትቶ ያድራል፣ ማንም ግን አይነካውም። ማንም የማይሄድበት መንገድ ላይ ዘበኛ አቁሞ «አይታለፍም» እንደማስባል ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ መሥሪያ ቤቱ «እስቲ ሥራ የፈታውን ሞገድ ትንንሾቹ ገጠር ላይ ይጠቀሙበት፣ እንየው» ብሎ የሙከራ ፈቃድ ሰጠን። ሙከራው የሚያበቃው ያን ዕለት ነበር፣ ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ። ነዋሪው ካልተቃወመ ፈቃዱ በዚያው ይቀጥላል። ተቃውሞ ከመጣ መስመሩ ይዘጋና ነገሩ ወደ ኮሚቴ ይሄዳል። ኮሚቴ የሄደ ነገር ምን እንደሚሆን ደግሞ እናንተም ታውቃላችሁ።

ሙሉ የምትባለው እህቴ ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያ ልጇን ያጣችው ሰው ሁሉ ጉብታው ላይ ቆሞ ስልኩን ወደ ሰማይ ሲያወዛውዝ ነው። አምቡላንስ መጥራት ሲያቅት ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመዋት ወደ ሮቢት ሮጡ። እሷ ተረፈች፤ ልጁ መንገድ ላይ ቀረ። ያሁኑ ደግሞ አቀማመጡ አላማረም፤ ኡሙሰልማ በጤና ኬላው ኢንተርኔት የቆቦውን ሐኪም በምስል እያነጋገረች ነው የምትከታተላት። ሐኪሙ «ምጡ ሲጀምራት ወዲያው ደውይ፤ አምቡላንሱ ያኔውኑ ይነሳል» ብሏታል። ከዚያ ወዲህ ሙሉን እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር። አባቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖር የነበረው የቀበሌው ቃሬዛም ሥራ አጥቶ፣ ግቢ ወጥቶ፣ በርበሬ ማስጫ ሆነ። ያንን ቀይ በርበሬ ቃሬዛው ላይ ተሰጥቶ ባየሁ ቁጥር ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሥራዬ ይኸው፣ እዚህ ተሰጥቷል እል ነበር።

እና የሙሉ አባት፣ የኔም አባት፣ ሰው በሞላበት አዳራሽ ተነስቶ «እቃወማለሁ» አለ።

ስብሰባው ሲዘጋ አባቴን በሩ ላይ ደረስኩበት። ልጮኽበት አፌን ስከፍት እሱ ቀድሞኝ ዙሪያውን ቃኘና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«አይዞሽ ልጀ፣ አጽንቸልሻለሁ» አለኝ። ዓይኑ በደስታ ይስቃል።

«ምኑን ነው ያጸናኸው አባየ?»

«ሞገዱን ነዋ! ከእንግዲህ ማንም አፉን አይከፍትበትም። ማታ ቁርቁራው ሥር እንጠብቃቸዋለን። ሁለት በግ ነው፤ አንዱን እኛ፣ አንዱን እነ ሸህ ነጅሙዲን። ብቻ አለቅየው ሳይመሽበት ቶሎ ይምጣ በይው።»

ያኔ ገባኝ። ሲገባኝ የበሩን መቃን ያዝኩ።

በሐሮ ዲማ ውሃ የሚከፋፈለው እንዲህ ነው። ክረምት ሳይገባ፣ ጎርፉ ከምዕራብ ተራሮች ሳይወርድ፣ ሰው ቁርቁራው ሥር ተሰብስቦ የጎርፍ ተራ ይደለድላል። የማን ማሳ ቀድሞ ይጠጣል፣ የማን ቦይ መቼ ይዘጋል። የውሃ አባቱ ተራውን ሲያስታውቅ አንድ ሰው ተነስቶ «እቃወማለሁ» ማለት አለበት። የግድ ነው። ምክንያት አይናገርም። ማታ ባለተራው ይመጣል፣ በግ ይቀርባል፣ አብረው ይቀመጣሉ፣ ይመረቃል፣ ተቃዋሚውም «አንስቻለሁ» ብሎ ክርክሩን ይተዋል። ከዚያ ወዲያ በዚያ ተራ ላይ የሚከራከር የለም፤ አንዴ ተከራክረው የታረቁበት ነዋ። ማንም ያልተቃወመው ተራ ግን ክፍት ነው። ጎርፉ እየመጣ ሳለ አንዱ አካፋውን ይዞ «ይህማ የኔ ነው» ቢል መልስ የለውም። ስለዚህ የሚቃወምልህ ሰው ወዳጅህ ነው። ወንድም ለወንድሙ፣ አማች ለአማቹ ይቃወማል። አንድ ክረምት ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን የሚቃወምላት አጥታ ስታለቅስ አባቴ ራሱ ተነስቶ ተቃውሞላታል፤ እስከ ዛሬ ትመርቀዋለች።

ሰውየው አላበደም። ለልጁ ማድረግ የሚችለውን ትልቁን ነገር ነው ያደረገላት። የባሰው ደግሞ መንገዱን ያሳየሁት እኔ ራሴ መሆኔ ነው። ምሰሶውን ስንተክል «ይኸ ፍሪኩዌንሲ የምትይው ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ እኔ ብልጧ፣ «እንደ ጎርፍ ተራ ነው አባየ፤ ሁለት ሰው ባንዴ ከለቀቀው ይደፈራረሳል፤ ስለዚህ ተራ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት አለ» ብዬዋለሁ። እንዴት አሳምሬ እንዳስረዳሁት ለባልደረቦቼ ሁሉ በኩራት አውርቻለሁ። ምነው ያኔ ምላሴን በያዘው!

«አባየ፣ እነዚህ ሰዎች አይመጡም!» አልኩት።

«ኧረ ይመጣሉ። እንዴት ያለ ሰው ነው ሳይታረቅ የሚሄድ?» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ከእሱ ጋር መከራከሩን ትቼ አቶ ሚኪያስን ፍለጋ ሮጥኩ። ዕቃውን መኪና ላይ ሲያስጭን አገኘሁት። እያለከለክሁ ነገርኩት፤ ጎርፉን፣ ቁርቁራውን፣ በጉን፣ ሁሉንም። መጀመሪያ ሳቅ አለ። ከዚያ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ማለት... ሰውየው እቃወማለሁ ሲሉ፣ ይጽና ማለታቸው ነው?»

«ነው!»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም! የጠላት ተቃውሞ እንዳይመስልባቸው ነው ከሁለቱም ሃይማኖት የተነሱት!»

የመኪናው ደፍ ላይ ቁጭ አለ። በሁለት እጁ ፊቱን ጠረገ። «ስንት አገር ዞሬ ስንት ስብሰባ መርቻለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም» አለ። «ግን እኮ ለዋናው መሥሪያ ቤት አሳውቄያለሁ። ለድርጅትሽም ትዕዛዝ ወርዷል።»

«በል አሁን ደውልና ሰርዘው።»

«በማን ቃል ልሰርዘው? ባንቺ? አንቺ እኮ አመልካች ነሽ። አመልካች የተቃዋሚዋን ቃል ስታነሳ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሐሮ ዲማ እንሂዳ! እነሱ ራሳቸው ይንገሩህ!»

ሹፌሩ ከመሪው ላይ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። ከመሸ መንገድ ይዘጋል፤ ሳይመሽ ወልድያ መግባት አለባቸው። አቶ ሚኪያስ ሹፌሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ሰዓቱን አየ። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር።

«ስሚ» አለኝ። «በምስል ይደውሉልኝ። ፊታቸውን ልየው፣ ከራሳቸው አፍ ልስማው። ፈቃዱ ሳያበቃ አንስቻለሁ ካሉኝ ያኔውኑ አስተላልፋለሁ። ካበቃ በኋላ ግን እኔም ምንም አላመጣም፤ የተዘጋን ፈቃድ የሚከፍት ኮሚቴው ብቻ ነው።»

«ኮሚቴው መቼ ነው የሚሰበሰበው?»

«ለሱ መልስ ቢኖረኝ ደስ ባለኝ» አለ።

ወደ በሩ ስመለስ አባቴና ሽማግሌዎቹ የሉም። አይሱዙ ላይ ተጭነው፣ እንግዳ ሊቀበሉ፣ ወደ አገራቸው በርረዋል። ስልክ ብደውል ገና መንገድ ላይ ኔትወርክ የለም። አዲስ አበባ ላለው አለቃዬ ለደጀን ደወልኩ፤ ቢያንስ ትንሽ ያቆይልኝ ብዬ። «መስመሩ ሰዓቱ ሲሞላ ራሱ እንዲዘጋ ተደርጓል፤ አንዲት ደቂቃ ካሳለፍን የሌላውም ወረዳ ፈቃዳችን ገደል ይገባል። አላደርገውም ፍሬ፣ አትለምኚኝ» አለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ከኡሙሰልማ ጋር ባጃጅ ያዝን። ባጃጁ ደረቁ ወንዝ ላይ ሲደርስ አሸዋው ዋጠው። እኔ ከኋላ፣ ኡሙሰልማ ከጎን፣ ሹፌሩ ከፊት፤ ስንገፋ፣ ስንሳደብ፣ ስንገፋ። ጎማው ሲሽከረከር አሸዋውን ፊቴ ላይ ይበትነዋል። ግመሎቻቸውን የሚነዱ ሰዎች ደርሰው ባያነሱልን ኖሮ እዚያው ይመሽብን ነበር። ፀሐይዋን እያየሁ ነበር የምገፋው፤ እንደዚያ ቀን ስትሮጥ አይቻት አላውቅም።

ሐሮ ዲማ ስንደርስ ቁርቁራው ሥር ሁሉ ነገር ተሰናድቶ ጠበቀን። ሽማግሌዎቹ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ሁለት በጎች ግንዱ ላይ ታስረዋል። ከትምህርት ቤት የመጣ ወንበር፣ ምንጣፍ ለብሶ፣ ክቡ መሃል ባዶውን ቆሟል። የአቶ ሚኪያስ ነው። እህቴ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ፣ በሌላው ለእንግዳ እጅ ማስታጠቢያ ውሃ ይዛ ቆማለች።

አባቴ ከኋላዬ ቢያይ ባጃጁ ባዶ ነው። «አለቅየውስ?»

«ወደ ወልድያ እየሄደ ነው።»

«ነገ ነው የሚመጣ?»

«አይመጣም አባየ። ነገም አይመጣም፣ ከነገ ወዲያም አይመጣም። እነሱ ዘንድ እቃወማለሁ ያለ ሰው ጠላት ነው። አምነውሃል። ዛሬ ጀንበር ስትጠልቅ ሞገዱን ይዘጉታል።»

እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግሬው አላውቅም። ሼህ ነጅሙዲን መቁጠሪያቸው ከእጃቸው ወደቀ። «ላኢላሀ ኢለላህ» አሉ። «ያለ እርቅ? የሰው ቃል አንጠልጥለው ይሄዳሉ? ምን ዓይነት አገር ነው እሱ?»

አባቴ ግን ሙሉን ነበር የሚያየው። «የዚች የሐኪሟ... የሐኪሟ ስልክስ?»

«እሱም ይዘጋል።»

ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። የአባቴ ከንፈር ሲንቀጠቀጥ ያየሁት እናታችን የሞተች ዕለት ብቻ ነበር። ተናድጄበት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከቆቦ ጀምሮ ስሰድበው ነው የመጣሁት። ያን ከንፈር ሳይ ግን ንዴቴ በኖ ጠፋ።

«አሁን አንሳው!» አልኩት። «በስልክ በምስል ይሰማሃል፤ ፊትህን ያይሃል። አንስቻለሁ በለውና ያልቃል!»

ያልቃል ያልኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ግን መከራከር ጀመሩ። ባለጉዳዩ ያልተቀመጠበት ክርክር ይነሳል ወይ? ስልክ ሰው ነው ወይ? ቢክድስ? ፀሐይዋ የምዕራቡን ተራራ አናት ነክታለች፣ እነሱ ሕግ ይተረጉማሉ! ፀጉሬን ልነጭ ምንም አልቀረኝም። በመጨረሻ ሼህ ነጅሙዲን እጃቸውን አነሱ።

«ፊቱ ከመጣ፣ ድምፁ ከመጣ፣ መጣ ነው የሚባል። ወንበሩ ላይ አስቀምጡት።»

ስልኬን ምንጣፍ የለበሰው ወንበር ላይ አቆምነው። ደወልኩ። ጤና ኬላው ካጠገባችን ስለሆነ መስመሩ ጥርት ያለ ነበር። አቶ ሚኪያስ ከሚናጥ መኪና ውስጥ ብቅ አለ። «አገኘሻቸው? ቶሎ፣ ቶሎ!» አለ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ለስልኩ እጅ ነሱት።

«አባየ፣ በል!»

«ሳይመረቅ አይሆንም ልጀ።»

«አባየ ስለ እመቤቴ!»

«ሳይመረቅ ቢነሳ ተመልሶ ይመጣል። እኔ ላንቺው ብየ ነው።»

ሼህ ነጅሙዲን መረቁ። አሳጥረው መረቁ፤ አውቃለሁ፣ እድሜ ይስጣቸው፣ በሕይወታቸው እንደዚያ አሳጥረው አያውቁም። ሰው ሁሉ «አሚን» «አሜን» አለ። አቶ ሚኪያስም መኪናው ውስጥ መዳፉን ዘርግቶ «አሜን» ሲል ሰማሁት። እህቴ ጣቶቼን ጨብጣ ይዛኛለች።

አባቴ ከክቡ መሃል ቆመ። ሁለት እጁን ከዘራው ላይ አነባበረ፤ ደንቡ ነውና ዓይኑን ጨፈነ።

«እኔ አራጌ፣ የሐሮ ዲማ የውሃ አባት፣ በሰማያችን በሚያልፈው ሞገድ ተራ ላይ፣ ቆቦ ሰው ሁሉ እየሰማኝ የጣልሁትን ክርክር፣ በሸህ ነጅሙዲን ፊት፣ በእንግዳችን በአቶ ሚኪያስ ፊት፣ ስለ ልጆቸ ብየ፣ ስለ አገሬ ብየ፣ ቂም ሳልይዝ፣ ወደኋላ ሳልመለስ፣ ከዛሬ ጀምሮ...»

የአቶ ሚኪያስ ፊት ቆመ። አፉ ሊናገር እንደተከፈተ፣ አንድ ዓይኑ ግማሽ እንደተጨፈነ፣ ደርቆ ቀረ። ፊቱ ላይ ያች ክብ ነገር መዞር ጀመረች። ቀና ብዬ ጉብታውን አየሁ። ምሰሶው አናት ላይ ሁልጊዜ የምትበራው አረንጓዴ መብራት የለችም።

«...አንስቻለሁ» አለ አባቴ ዓይኑን እንደጨፈነ። «ለዘላለሙ አንስቻለሁ። ሞገዱ የጸና ይሁን።»

«አሜን!» አሉ ሁሉም። ሼህ ነጅሙዲን ጉንጩን ሳሙት። አባቴ ዓይኑን ገልጦ፣ ሸክም ያወረደ ሰው እንደሚተነፍስ ተንፍሶ፣ ወደ ወንበሩ ዞረ።

«ሰማኝ?» አለኝ።

ሰማህ ልለው ፈለግሁ። እግዜር ይየኝ፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሙሉ አጠገቤ ናት፣ ነገ ምጥ ቢይዛት ማን ሊጠራ ነው?

«አልሰማህም አባየ። ተዘጋ።»

«ድገሚና ደውይለታ።»

«በምን?»

ኡሙሰልማ «ጉብታው ላይ ወጥተን እንሞክር» አለች። ብንወጣስ? ጀንበሯ ጠልቃለች፤ ሰውየው የሰጠን ሰዓት አብሮ ጠልቋል። ሽማግሌዎቹ አንዱ አንዱን ያያል። ለእንግዳው የተዘረጋው ወንበር ላይ ስልኬ ጠቁሮ ተቀምጧል፤ ማንም አላነሳውም። አባቴ ወደ ጉብታው፣ መብራቷ ወደነበረችበት ቦታ፣ ብዙ ጊዜ አየ። ከዚያ ወደኔ ዞረና ማንም እንዳይሰማው በሚመስል ድምፅ፣

«ልጀ፣ እኔ ነኝ እንዴ የዘጋሁት?» አለ።

አዎ ማለት አልቻልኩም። አይደለህም ማለትም አልቻልኩም። አለቀስኩ።

እሱ ጋቢውን አጣፋና ወደ ግቢው ገባ፤ ተከተልኩት። ቃሬዛው እንደነበረ በርበሬውን ተሸክሞ አጥሩ ሥር ተኝቷል። አባቴ ጎንበስ ብሎ በርበሬውን በእጁ እየጠራረገ መሬት ላይ አወረደው። ምንም ማስቀመጫ አልፈለገለትም፤ አቧራው ላይ ቀይ ክምር ሆነ። ከዚያ ተቀመጠና የላላውን ጠፍር ጎትቶ ማጥበቅ ጀመረ። በርበሬው ዓይኑን ሲያቃጥለው በክንዱ ጠረገ፣ እንደገና ጎተተ።

ሙሉ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች። አባቴ ወደሷ አልዞረም።

«ያንን ጫፍ ያዢልኝ» አለኝ።

ያዝኩለት።